«ምንም አልታየም» እና «ምንም የለብህም»



ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። እኔ ቆሜ ነው የምናገረው፤ ከሃያ ደቂቃ በላይ መቀመጥ አሁንም ይከብደኛል። ከመካከላችሁ መቀመጥ የሚያስጨንቀው ሰው ካለ ተነሥቶ ግድግዳውን ይደገፍ። ዛሬ በዚህ አዳራሽ «ለምን ቆምክ?» የሚለው የለም።

ሃያ ሁለት ዓመት አማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። ስለ ቃላት ብዙ ተናግሬአለሁ። የዛሬው ንግግሬ ግን በእነዚያ ዓመታት ክፍል ውስጥ አንድም ቀን ስላልጠራሁት ቃል ነው። ስለ ቆለጥ ሕመም ልነግራችሁ መጥቻለሁ። «የዘር ፍሬ» የሚል ጨዋ ስም እንዳለው አውቃለሁ፤ ከዚህ በኋላ እኔም በእሱ እጠራዋለሁ። ነገር ግን ሕመሙ ከእንቅልፌ በቀሰቀሰኝ ሌሊት ወደ አእምሮዬ የመጣው ጨዋው ስም አልነበረም። ሰው ሲታመም የሚያስበው በልጅነቱ በሰማው ቃል ነው። ያንን ቃል ደግሞ በሰው ፊት እንዳያወጣው በዚያው በልጅነቱ ተነግሮታል። ስለዚህ ካርድ አውጥቶ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ሐኪሙ «ምንዎን ነው ያመመዎት?» ሲለው፣ «ወገቤን» ይላል። እኔም «ወገቤን» ብያለሁ። በዚያች አንዲት ቃል የተነሣ ሁለት ወር የወገብ ራጅ ስነሣ ከረምኩ። ጥፋቱ የራሴ ነው፤ ቀድሜ የምናገረውም ኋላ ስለ ሐኪሞች የምለው ሚዛኑን እንዳይስት ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። በ2006 ዓ.ም. በቀኝ ብሽሽቴ በኩል ቡአ ወጥቶብኝ ቀዶ ሕክምና ተደረገልኝ። ቁስሉ በደንብ ዳነ። በሦስተኛው ወር ግን የቀኝ የዘር ፍሬዬን ያመኝ ጀመር። እንደሚጠዘጥዝ ጥርስ ነው፤ ቀን ከሌት አይለቅም፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ በቀጭን ሽቦ አስሮ ቁልቁል እንደሚጎትት ይሆናል። ሲነኩት አላበጠም፣ አልቀላም። ታክሲ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተጣብቄ ስቀመጥ ላብ ያጠምቀኝ ነበር። ፈተና ሳርም ወረቀቱን መስኮት ላይ ዘርግቼ ቆሜ ነበር የማርመው። ዕረፍት የማገኝበት ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ መቋሚያ ተደግፎ ሰዓታት መቆም እዚያ ወግ ነውና ማንም አይጠይቀኝም።

ከሁለት ወር በኋላ ድፍረት አግኝቼ ትክክለኛውን ቦታ ተናገርኩ። የሐኪሙ ክፍል በር ክፍት ነበር፤ ውስጥ ሌሎች ሁለት ሕመምተኞች ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ከትዳር ውጭ ግንኙነት ነበረህ?» አለኝ። «የለም» አልኩት። «አስበህ ተናገር» አለኝ። ከዚያ ሲፕሮና ዶክሲ የሚባሉ አንቲባዮቲኮች ጻፈ፤ ለባለቤቴም ጭምር። ሳይነካኝ፣ ሱሪዬን ሳያስወልቀኝ ጻፈ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሕመሙ ይልቅ የጎዳኝ ይህ ነውና። መድኃኒቱን ይዤ ቤት ገባሁና ለባለቤቴ ሰጠኋት። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሐኪሙ ያለውን ነገርኳት። አንድ ቃል አልተናገረችም። ክኒኖቹን አንድ በአንድ፣ ሰባት ቀን ሙሉ፣ በውሃ ዋጠቻቸው። ያላመማትን፣ ያልያዛትን በሽታ መድኃኒት ዋጠች። ልጅ አስተኝታ፣ ራት አቅርባ፣ ከዚያ ትውጠዋለች። እኔ ደግሞ አያለሁ። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ሆድ ይፍጀው» ብላ ያዘችው፤ እኔም ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ሰዎች ለሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ኖርን።

ሐኪሙ ጥያቄውን መጠየቁ ስሕተት አልነበረም። በወጣት ወንዶች ላይ ከዘር ፍሬው ጀርባ ያለው ቱቦ ሲቆጣ ዋና ዋናዎቹ መነሻዎች ጨብጥና ክላሚዲያ ናቸው፤ ሲታወቅ ቶሎ መታከም ይኖርበታል፤ ባልና ሚስት አብረው መታከማቸውም ተገቢ ነው። ላብራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ ምልክትን ብቻ አይቶ ማከም በዓለም ጤና ድርጅት የተመከረ አሠራር ነው፤ ብዙ ሰውም አድኗል። ነገር ግን ያ አሠራር የተሠራው በቅርብ ለጀመረና እብጠት ላለው ሕመም ነው። ወራት ላስቆጠረ፣ ላላበጠ፣ ትኩሳት ለሌለው፣ ሽንት ምርመራው ንጹሕ ለሆነ ሰው ያንኑ መድኃኒት አምስት ጊዜ መጻፍ ሕክምና አይባልም። ለእኔ በተለያዩ ቦታዎች አምስት ጊዜ ተጽፏል። በአራተኛው ዙር ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ይቆረጥመኝ ጀመር። ሲፕሮ የሚመደብበት የመድኃኒት ቤተሰብ ጅማትን ሊጎዳ፣ ሊበጥስም እንደሚችል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2008 በከፍተኛ ማስጠንቀቂያ ደረጃ አስታውቋል፤ በ2016 ደግሞ በጅማት፣ በጡንቻና በነርቭ ላይ ለሚያደርሰው ዘላቂ ጉዳት ማስጠንቀቂያውን አጠናክሮታል። በእኛ ከተማ ግን ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ይገዛል። «ታች ሲያምህ ሲፕሮ ዋጥ» የሚል ምክር ከጓደኛ ሰምቶ ያልገዛ ወንድ ጥቂት ይመስለኛል።

ሦስት ጊዜ አልትራሳውንድ ተነሣሁ። ሦስቱም ላይ ያልተለመደ ነገር እንዳልታየ ተጽፏል። ወረቀቱን ያነበበው ሐኪም ወደ እኔ ዞሮ «ምንም የለብህም» አለኝ።

እስቲ እንደ አማርኛ አስተማሪ ይህን ላስተውለው። «ምንም አልታየም» እና «ምንም የለብህም» አንድ ዓረፍተ ነገር አይደሉም። «አልታየም» የሚለው ግሥ የሚናገረው ስለ ተመልካቹ ነው፤ ስለ መሣሪያውና ስለ ዓይኑ አቅም። እውነተኛ ምስክርነት ነው። «የለብህም» የሚለው ግን በእኔ ሰውነት ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው። ከወረቀቱ እስከ ሐኪሙ አፍ ባለው የአንድ ክንድ ርቀት ምስክርነቱ ፍርድ ሆነ። እኔም ፍርዱን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ያሰብኩትን ልንገራችሁ፦ ምንም የለብኝም ከተባለ፣ ይህ የሚያመኝ ነገር ወይ ውሸት ነው ወይ እብደት ነው አልኩ። አስተማሪ ነኝ፤ የተማረ ሰው የተናገረውን ማመን ሥራዬ ነበር። ሕይወቴን የጠላሁባቸው ሌሊቶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ሕመሙ ሳይብስብኝ መጡ፤ የሚያምነኝ በማጣቴ።

አልትራሳውንድ እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። እጢን፣ ውሃ መቋጠርን፣ ያበጠ የደም ሥርን፣ የደም ዝውውር መቋረጥን ያሳያል። በተለመደው ምርመራ የማያሳየው ደግሞ አለ፦ በጠባሳ ውስጥ የተያዘ ቀጭን ነርቭን አያሳይም። ተኮማትሮ የቀረ የዳሌ ወለል ጡንቻን አያሳይም። ሕመም ራሱ ምስል የለውም። ሥር የሰደደ የዘር ፍሬ ሕመም ካለባቸው ወንዶች ከሩብ እስከ ግማሽ በሚሆኑት ላይ ሐኪሞች ሁሉን መርምረው ምክንያቱን እንደሚያጡ በሙያው ጽሑፎች ተደጋግሞ ተጽፏል። ይህን ባውቅ ኖሮ ብቸኛ እብድ ነኝ አልልም ነበር።

ነገሩ አዲስም አይደለም። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም አስትሊ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1830 ስለ ዘር ፍሬ በሽታዎች ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የማይታይ ሕመም «ቁጡ የዘር ፍሬ» ልንለው በምንችለው ስም ጽፎለታል። እ.ኤ.አ. በ1990 አሜሪካውያን ሐኪሞች ዛሬም የሚሠራበትን ትርጉም ሰጡት፦ ሦስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ፣ የሚመላለስ ወይም የማያቋርጥ፣ በአንድ ወይም በሁለቱ ወገን ያለ፣ ሰውየውን ከዕለት ሥራው አስተጓጉሎ ሐኪም ቤት ያመጣ ሕመም። ልብ በሉ፤ ትርጉሙ ውስጥ «በምስል የታየ» የሚል ቃል የለም። መለኪያው የሰውየው ኑሮ ነው። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል፣ ሰው «ያመኛል» ሲል ቃሉ ሊከበርለት እንደሚገባ በግልጽ አስፍሯል። ከእ.ኤ.አ. 2022 መጀመሪያ ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምድብ ደግሞ ሥር የሰደደ ሕመምን የሌላ በሽታ ጥላ ከመሆን አውጥቶ የራሱ መለያ ቁጥር ሰጥቶታል። ስለዚህ እናንተ የሕክምና ተማሪዎች፣ ነገ በካርድ ላይ «ምርመራው ደህና ነው፤ ተሸኝቷል» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ የምትጽፉበት ስም እንዳለ እወቁ።

የእኔ መፍትሔ የመጣው ከለቅሶ ቤት ነው። በ2011 ዓ.ም. ጎረቤታችን ዐርፈው ድንኳን ውስጥ ሰው ሁሉ አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ምሰሶውን ይዤ ቆሜአለሁ። አንድ ወጣት ተነሥቶ ቦታውን ሊለቅልኝ ፈለገ። እንቢ ስለው አጠገቤ መጥቶ ቆመና፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ለምንድን ነው የማይቀመጡት?» አለኝ። ድንኳን ውስጥ ነን፤ ሰው ያለቅሳል፤ ማን ይሰማናል? ነገርኩት። አራት ዓመት ተኩል ሐኪም ያልጠየቀኝን አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «እዚያ አካባቢ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ያውቃል?»

ልጁ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሰመመን የሚሰጥ ባለሙያ ነበር። የነርቭ መንገድ ሥራው ነው። ከወገብ አከርካሪ የሚነሡ ሦስት ቀጫጭን ነርቮች በብሽሽት በኩል አልፈው ወደ ዘር ፍሬው ከረጢት፣ ወደ ጭኑ ውስጠኛ ክፍልና ወደ ሆዱ የታችኛው ክፍል እንደሚሄዱ፣ ቡአ ሲሰፋም በክሩ ወይም በጠባሳው ሊያዙ እንደሚችሉ አስረዳኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ የቡአ ሕክምና መመሪያ እንደሚለው፣ በብሽሽት ቡአ ከታከሙት ከመቶ ከ10 እስከ 12 የሚሆኑት ከቁስሉ መዳን በኋላ የሚቀጥል ጉልህ ሕመም ይኖራቸዋል፤ ከጊዜ ጋር ግን ይቀንሳል። እኔ ከእነዚያ አንዱ ነበርኩ። ካርዴ ላይ ቀዶ ሕክምናው ተጽፎ ነበር። ገጹን ወደ ኋላ የገለጠው ግን አልነበረም።

በሳምንቱ ከአንድ ቀዶ ሐኪም ጋር አገናኘኝ። ሐኪሙ በሩን ዘጋ፤ ካስተኛኝ በኋላ የዘር ፍሬውን ሳይሆን ጠባሳዬን በአንድ ጣቱ ጫፍ ቀስ ብሎ ይጫን ጀመር። አንዲት ነጥብ ላይ ሲደርስ ሕመሙ እስከ ታች እንደ ኤሌክትሪክ ወረደ፤ ጮህኩ። «አገኘናት» አለ። ከዚያ በወጣቱ እጅ በዚያች ነጥብ ዙሪያ ማደንዘዣ ተወጋሁ። አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቅን። «ይቀመጡ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ደረቅ የእንጨት ወንበር ላይ፣ እግሬን አጥፌ፣ ተቀመጥኩ። አራት ዓመት ተኩል የተሸከምኩት ነገር አልነበረም። ዕረፍቱ ስድስት ሰዓት ያህል ቆየልኝ። እነዚያን ስድስት ሰዓታት አብዛኛውን ጊዜ ቤቴ፣ ባለቤቴ አጠገብ ተቀምጬ አሳለፍኳቸው። ስነግራት አለቀሰች። ያለቀሰችው ስለ ሕመሜ ብቻ እንዳልነበረ ገብቶኛል።

ያ መርፌ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ ምርመራ ነው፤ ሕመሙ በየትኛው ነርቭ በኩል እንደሚሄድ ይናገራል። ሁለተኛ ሕክምና ነው፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ተደጋግሞ ሲሰጥ ዕረፍቱ ከመድኃኒቱ ዕድሜ በላይ ይረዝማል። የእኔ ዓይነት ጠባሳ ለሌለው ሰው ደግሞ የዘር ፍሬው የተንጠለጠለበትን ገመድ ከብሽሽት በታች ይዘው በዚያው ማደንዘዣ ያደነዝዙታል። ለዚህ የሚያስፈልገው መድኃኒት ሊዶኬይን ነው። ጥርስ ሲነቀል የሚወጋው ነው። ከውጭ የሚመጣ ውድ መሣሪያ አይደለም። አሁን ከልቤ የምናገረው ይህን ነው፦ እኔን አራት ዓመት ተኩል ያሰቃየኝ የአገር ድህነት አይደለም። መድኃኒቱ ነበር፤ መርፌው ነበር፤ መውጋት የሚችልም ሰው ነበር። ያልነበረው «አልታየም» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የሚያስብ ሰው ነው።

ቀጥሎ የሚደረገው ብዙ ነው። ታሪክን ከመጀመሪያው መጠየቅ ይቀድማል፤ ቀዶ ሕክምና፣ አደጋ፣ የወገብ ሕመም፣ ሽንትና ዓይነ ምድር፣ ሲቀመጥና ሲቆም ያለው ልዩነት። የዘር ፍሬ በፅንስነት ጊዜ የሚፈጠረው ሆድ ውስጥ፣ ከኩላሊት አጠገብ ነው፤ ከዚያ ነው ነርቩንና የደም ሥሩን እየጎተተ ወደ ታች የሚወርደው። የኩላሊት ጠጠር ሽንት ቧንቧ ውስጥ የተቀረቀረበት ሰው የዘር ፍሬውን ይዞ የሚጮኸው ለዚህ ነው። የሚያመው ቦታና የሕመሙ መነሻ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

በእኛ አገር ደግሞ ሊጨመሩ የሚገባቸው ጥያቄዎች አሉ። «ጥሬ ወተት ትጠጣለህ? ከብት ታዋልዳለህ?» መባል አለበት፤ ብሩሴሎሲስ የዘር ፍሬን ያስቆጣልና። ለእሱ የሚሰጠው መድኃኒት ከአንድ በላይ ነው፤ ሳምንታትም ይፈጃል። በአንድ ሳምንት ዶክሲ ተሻለኝ ብሎ የሄደ አርብቶ አደር በወሩ ይመለሳል። የሳንባ ነቀርሳ በሽታ ጀርምም እዚያ ድረስ ይወርዳል። በዝሆኔ በሽታ ትንኝ በሚያስተላልፈው ዓይነት በተጠቁ ቆላማ አካባቢዎች የዘር ከረጢት ውሃ ይቋጥራል፤ በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ጆሮ ደግፍ ያመመው ጎረምሳ የዘር ፍሬው ሊያብጥ ይችላል። እነዚህን ሁሉ «ብርድ ነው» ወይም «ጨብጥ ነው» በሚሉ ሁለት ቃላት መካከል ማስገባት አይቻልም።

ለነርቭ ሕመም የሚሰጡ መድኃኒቶችም አሉ። እኔ ማታ ማታ 10 ሚሊ ግራም አሚትሪፕቲሊን ታዘዘልኝ። ከሣጥኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሳነብ የድብርት መድኃኒት ይላል። እንደገና «ዕብድ ነህ» የተባልኩ መሰለኝና ሁለት ሳምንት ሳልወስደው አስቀመጥኩት። ሐኪሞች ሆይ፣ እባካችሁ ይህን መድኃኒት ስትጽፉ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። በአነስተኛ መጠን የሚሰጠው የነርቭን ጩኸት ለመቀነስ እንደሆነ፣ ለድብርት ከሚሰጠው መጠን በብዙ እንደሚያንስ ንገሩ። አለበለዚያ ሕመምተኛው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የሚባሉም አሉ። የዳሌ ወለል ጡንቻው ተኮማትሮ የሚያመው ሰው ደግሞ መዳኛው ፊዚዮቴራፒ ነው፤ ከመድኃኒት ይልቅ ትንፋሽና ጡንቻ ማላላት ይረዳዋል። የሚደግፍ የውስጥ ሱሪ ማድረግ ተራ ነገር ይመስላል፤ ለአንዳንዱ ግን ቀኑን ይለውጥለታል።

በመርፌው ለጊዜው ተሽሎት፣ ነገር ግን በሌላው ሁሉ ዕረፍት ላጣ ሰው በማይክሮስኮፕ እያዩ ነርቮቹን ብቻ የሚቆርጡበት ቀዶ ሕክምና አለ። መጀመሪያ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ሰዎቹ በጥንቃቄ ሲመረጡ አብዛኞቹን ይረዳል። የትም የሚገኝ አይደለም፤ መኖሩን ማወቅ ግን ተስፋ ነው።

በእነዚያ የሕመም ዓመታት አንድ ሐኪም ዘንድ ሄጄ «ቆርጠህ አውጣልኝ» ብዬ ለምኜ ነበር። እምቢ አለ። እምቢታው ትክክል ነበር፤ የዘር ፍሬው ወጥቶላቸው ሕመሙ እዚያው የቀረባቸው ወንዶች ጥቂት አይደሉም፤ መነሻው ነርቭ ከሆነ ፍሬው ቢወጣም ነርቩ አለ። የማዝነው በእምቢታው አይደለም፤ ሰው ከአካሉ ቁረጥልኝ ብሎ ሲለምን ሰምቶ፣ «አይሆንም፣ ሂድ» ብሎ ብቻ በመሸኘቱ ነው። ያ ልመና የሕመሙ ልክ ነበር። ከዚያ የበለጠ እንዴት አድርጌ ልናገር?

ይህ አገር ስለ ሐፍረት በሽታ የሚያኮራ ልምድ አለው። ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 አዲስ አበባ ሲመጡ፣ በወሊድ የተጎዱ ሴቶች ሽንታቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ከሰው ተለይተው ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ለእነሱ ብቻ የሆነ ሆስፒታል ተከፈተ። ዛሬ «ፌስቱላ» የሚለውን ቃል የገጠር ባላገር ያውቀዋል፤ በሽታው በስሙ የሚጠራበት በር ስላገኘ። የእኔን ሕመም ከእነዚያ እናቶች መከራ ጋር ላስተካክል አልልም፤ አይስተካከልም። የምለው የሐፍረት በሽታ የሚድነው መጀመሪያ የሚንኳኳ በር ሲኖረው ነው። ወንዱ ዛሬ የሚያንኳኳው የአባላዘር ክፍሉን በር ነው፤ እዚያ ካልሆነለት ሌላ በር አያውቅም።

በውጭ ስለሚኖሩ ወገኖቼም አንድ ቃል። ከዘመዶቼ አንዱ አሜሪካ ነው፤ ተመሳሳይ ሕመም ነበረበት። እንግሊዝኛው ስለማይበቃው ሐኪም ፊት የምታስተረጉምለት የአሥራ አራት ዓመት ልጁ ነበረች። በልጁ አፍ ምን ሊል ይችላል? እሱም «ሆዴን» አለ። በአሜሪካ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለሕመምተኛው በነጻ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ በስልክም ቢሆን። ይህን ለአባቶቻችሁ ንገሯቸው። ልጆቻችንን ከዚያ ክፍል እናስወጣቸው።

ጎረምሶች ልጆች ላሏችሁ ወላጆች ደግሞ ሳልነግራችሁ ብወርድ ኃጢአት ይሆንብኛል። እስካሁን ስናገር የቆየሁት ወራት ስላስቆጠረ ሕመም ነው። የዘር ፍሬውን በድንገት፣ በኃይል ያመመው ልጅ፣ በተለይ ማስታወክ ካለው፣ ገመዱ ተጠምዝዞ የደም ዝውውሩ ተቋርጦ ሊሆን ይችላል። ፍሬውን ለማትረፍ ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ያህል ነው። እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ጸበልም የባህል መድኃኒትም ከዚያ በኋላ ይሁን። በሌላ በኩል ደግሞ የማያምም ጠጣር እብጠት በዘር ፍሬው ላይ የዳሰሰ ወጣት ስላላመመው ችላ እንዳይል፤ የዘር ፍሬ ካንሰር ብዙውን ጊዜ ሳያምም ይጀምራል፣ በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ከሁሉም ካንሰሮች በተሻለ ከሚድኑት አንዱ ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ልጅ ሆኜ ስሰማው፣ አስተማሪ ሆኜ ሳስተምረው እውነት ነበር፤ አሁንም እውነት ነው። ግን ይህ ተረት ሸክሙን ሁሉ የሚጥለው በሕመምተኛው ላይ ነው። እኔ ሁለት ወር ደበቅሁ፤ አራት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ግን ገልጬ አሳየሁ። የተናገረውን የሚሰማው ያጣ ሰውም መድኃኒት አይገኝለትም።

ሐኪሞቻችን በአንድ ጠዋት ስንት ሰው እንደሚያዩ አይቻለሁ፤ ወንበር ላይ ሆነው ሲያንቀላፉም አይቻለሁ። ብዙ እንዳልጠይቃቸው የምጠነቀቀው ለዚህ ነው። የምጠይቃቸው በሩን እንዲዘጉ ነው። በእጃቸው እንዲመረምሩ ነው። ካርዱን አንድ ገጽ ወደ ኋላ እንዲገልጡ ነው። ምንም ካላገኙም «ምንም የለብህም» በማለት ፈንታ «ምክንያቱን ገና አላገኘሁትም፤ በወሩ ተመለስ» እንዲሉ ነው። ለእኔ ያችን ዓረፍተ ነገር የነገረኝ ሐኪም ቢኖር፣ ሳይፈውሰኝም ቢሆን፣ እነዚያን ሌሊቶች ባላየኋቸው ነበር።

ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ከአሥሩ ስምንት የነበረው ሕመም ከአሥሩ ሁለት ሆኗል፤ ብርድ ሲሆንና ረጅም መንገድ ስጓዝ ይመለሳል። ባለቤቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ይህን ንግግር ጽፌ መጀመሪያ ያነበብኩት ለእሷ ነው፤ ስለ ክኒኖቹ የሚናገረውን ክፍል እንዳላወጣው ያዘዘችኝም እሷ ናት።

ከዚህ መድረክ ስወርድ በስተግራ ባለችው ትንሿ ክፍል እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት እቆያለሁ። ያ ወጣት የሰመመን ባለሙያም መጥቷል፤ ከእኔ ጋር ይሆናል። በሩ ይዘጋል፤ አንድ አንድ ሰው ነው የምናነጋግረው። ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋችሁ የቆማችሁ ወንድሞቼ፣ ከመካከላችሁ ንግግሩ ሲጀመር ተቀምጦ የነበረ ሰው እንዳለ አይቻለሁ። ኑ።